ልጅዎን የውጭ ቋንቋ ከማስጀመርዎ በፊት የሚያናግረውን ሰው ይፈልጉ

በአራት ኪሎ አካባቢ ልጆችን የውጭ ቋንቋ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «የትኛው ቋንቋ ይሻለዋል?» እና «በስንት ዓመቱ ላስጀምረው?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። ልጁን በዚያ ቋንቋ በየቀኑ፣ ቢያንስ በሳምንት አራትና አምስት ቀን፣ ፊት ለፊት የሚያናግረው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የአንድ ሰው ስም መጥራት የቻለ ወላጅ ከባዱን ሥራ ጨርሷል። ስም መጥራት ያልቻለ ግን መጻሕፍት ቢገዛ፣ ስልኩን በልጆች መተግበሪያ ቢሞላ፣ ወርኃዊ ክፍያ ሳያጓድል ቢከፍል፣ ልጁ የቀለማትና የእንስሳት ስም ከመደርደር አልፎ ሲሄድ ለማየት ይቸገራል።

ይህን በልምድ ብቻ ተመርኩዤ አልልም። ፓትሪሺያ ኩል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው ቤቶች የሚያድጉ የዘጠኝ ወር ሕፃናት ከማንዳሪን ቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር 12 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ 25 ደቂቃ ያህል፣ እየተጫወቱና መጽሐፍ እየተነበበላቸው እንዲቆዩ ተደረገ። እነዚህ ሕፃናት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚያስቸግረውን የቻይንኛ ድምፅ ታይዋን ካደጉት እኩዮቻቸው ባልተናነሰ ሁኔታ መለየት ቻሉ። ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ይዘት፣ ለያንኑ ያህል ጊዜ በቪዲዮ ወይም በተቀዳ ድምፅ ብቻ የተከታተሉት ግን ምንም አልቀሰሙም። የሕፃን ጆሮ የሚከፈተው ዓይኑን እያየ ለሚያናግረው ሰው ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ከሁለት ወገን የሚመጣውን ማስረጃ አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ወር የሆናቸው ሕፃናት አዋቂ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የማይለዩአቸውን የሂንዲ ድምፆች ይለያሉ፤ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ይህ ችሎታ በእጅጉ ይቀንሳል። ጆሮ የሚሰማውን እያጠራ የማይሰማውን ይተዋል። በሌላ በኩል ካትሪን ስኖውና ማሪያን ሆፍናግል-ሁህለ እ.ኤ.አ. በ1978 ሆላንድ ውስጥ ደችኛ የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ሲያነጻጽሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥነው የተራመዱት ከ12 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። በካርመን ሙንዮስ የተመራው የባርሴሎናው ጥናትም በክፍል ውስጥ ብቻ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች እኩል ሰዓት ሲሰጣቸው ዘግይተው የጀመሩት እንደሚበልጡ አሳይቷል። ስለዚህ ገና በሦስት ዓመት መጀመር ጥቅሙ የሚታየው ልጁ ብዙ ሕያው ንግግር ሲያገኝ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ያላት እናት ደግሞ «አመለጠኝ» ብላ የምትጨነቅበት ምክንያት የለም።

የትኛው ቋንቋ?

እንግሊዝኛ በማንኛውም መንገድ ወደ ልጁ ይመጣል። በአገራችን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ እንግሊዝኛን አስቀድሞ ማለማመድ ተገቢ ቢሆንም፣ ብቸኛው ምርጫ አድርጎ ማየት ግን የከተማችንን ሀብት መዘንጋት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ያስተምር ነበር። የፈረንሳይኛ ማዕከሉ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ፣ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቱ ሊሴ ገብረማርያም እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በዚሁ በመሃል ከተማ አሉ፤ የጀርመኑ ጎተ ኢንስቲትዩትና የጣሊያን የባህል ተቋምም እንዲሁ ሩቅ አይደሉም። ልጅን ይዞ ወደ እነዚህ ቦታዎች ለትርኢት ወይም ለዐውደ ርእይ መሄድ ቋንቋው ሰዎች የሚኖሩበት ነገር መሆኑን ያሳየዋል።

ከሁሉም በላይ ግን በቤተሰቡ ውስጥ ይፈልጉ። ከቤይሩት፣ ከዱባይ ወይም ከሪያድ ብዙ ዓመት ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ዐረብኛን አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ብዙዎቹ ይህን ችሎታቸውን ከድካማቸው ጋር አያይዘው ስለሚያስታውሱት እንደ እውቀት አይቆጥሩትም፣ እኛም አንቆጥርላቸውም። አንዲት የአራት ዓመት ተማሪዬ አክስቷ ቤይሩት ስምንት ዓመት ኖራለች። እናትየው ለእንግሊዝኛ አስጠኚ ለመቅጠር ገንዘብ ስታሰባስብ፣ አክስትየዋ እዚያው ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ዝም ብላ ትውል ነበር። ማታ ማታ ልጅቷን ስታጥባት በዐረብኛ ብቻ እንድታናግራት ከተስማማን በኋላ፣ ልጅቷ በሁለት ወር ውስጥ «ውሃው ሞቋል»፣ «ዓይኔን አቃጠለኝ»፣ «ፎጣ ስጪኝ» ማለት ጀመረች። እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች በየትኛውም የጀማሪ መማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች ላይ የሉም፤ ልጅቷ ግን በየቀኑ ታስፈልጋቸዋለች።

አያት ጉራግኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚናገሩበት ቤት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ሁለተኛ ቋንቋ እሱ ይሁን። የውጭ ቋንቋ ባይሆንም የልጁ ጆሮና አእምሮ በሁለት ቋንቋ መሥራት የሚለማመደው በዚያው ነው፤ አፋን ኦሮሞ በከተማዋ ትምህርት ቤቶች መሰጠት ስለጀመረም ልጁ ወደ ክፍል የሚገባው ተዘጋጅቶ ይሆናል።

አፍ የፈቱበትን ቋንቋ አይንጠቁ

እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ታላቋ ልጄ አራት ዓመት ሲሆናት ያስገባናት መዋዕለ ሕፃናት በግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር ይከለክል ነበር፤ አማርኛ የተናገረ ልጅ ስሙ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ቤት ውስጥ ስትለፈልፍ የምትውል ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝምተኛ ሆነች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልወስዳት ስሄድ ቀሚሷ እርጥብ ነበር፤ ሽንት ቤት መሄድ እንደምትፈልግ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ስላላወቀች፣ በአማርኛ ብትናገር ደግሞ ስሟ እንደሚጻፍ ስላወቀች፣ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ አወጣናት። እንግሊዝኛ የሚባለውን ነገር ሳትፈራ መስማት እስክትጀምር ድረስ ግን ከስድስት ወር በላይ ፈጅቷል።

ጂም ከሚንስ የተባሉት ካናዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሲያስረዱ እንደቆዩት፣ ልጅ በመጀመሪያ ቋንቋው ያዳበረው የማሰብ፣ የመተረክና የማንበብ ችሎታ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይሻገራል። አንድን ታሪክ በአማርኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ የሚችል ልጅ በእንግሊዝኛ የሚያጣው ቃላቱን ብቻ ነው፤ ታሪክ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። ስለዚህ ራስዎ በደንብ በማይችሉት እንግሊዝኛ ልጅዎን ቀኑን ሙሉ ማናገርዎ ልጁን ከሁለቱም ያጎድለዋል። ልጅዎን ሲቆጡት፣ ሲያባብሉት፣ ተረት ሲነግሩት፣ ስለ ሞት ወይም ስለ እግዚአብሔር ሲጠይቅዎ የሚመልሱለት አፍዎን በፈቱበት ቋንቋ ይሁን።

ዕለታዊው ሃያ ደቂቃ

ሁለቱ ወላጆች የተለያየ ቋንቋ በሚናገሩባቸው ቤቶች «አንድ ሰው፣ አንድ ቋንቋ» የሚባለው ዘዴ ይሠራል፤ ፈረንሳዊው ጁል ሮንዣ እ.ኤ.አ. በ1913 የልጁን የቋንቋ እድገት መዝግቦ ካሳተመ ወዲህ በሰፊው ይታወቃል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ለእኛ የሚቀለው ቋንቋውን ከሰዓትና ከሥራ ጋር ማሰር ነው፤ ዘወትር ጫማ ሲደረግ፣ ዘወትር እጅ ሲታጠብ፣ ዘወትር ልጁ ሲታጠብ በዚያ ቋንቋ ይነገራል፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ አማርኛ ይመለሳል። ሃያ ደቂቃ በየቀኑ ከቅዳሜ ሁለት ሰዓት እጅግ ይበልጣል።

እኔ በቤቴ የምጠቀምበትና ለብዙ ቤተሰቦች የመከርኩት መንገድ ቡና ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ አቦሉ በአማርኛ ይጠጣል፤ ሁሉም እንደልቡ ይጫወታል። ቶናው ሲቀዳ ቋንቋው ይለወጣል። ልጆቹ ሲኒ የሚያቀብሉት፣ ስኳር የሚጠይቁት፣ ፈንዲሻ የሚያዞሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ አዋቂውም በእንግሊዝኛ ካልተጠየቀ ሲኒውን አይቀበልም። በረካው ላይ ሁሉም ወደ አማርኛ ይመለሳል። ጥቅሙ ቀላል ነው፦ ልጁ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ ያውቃል፣ ማንም ሰው «አሁን እንማር» ማለት አያስፈልገውም፣ ረከቦቱ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ በእጅ የሚዳሰስ ስለሆነም ትርጉም መናገር ሳያስፈልግ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሦስትና ከአራት ዐረፍተ ነገር በላይ አይጨምሩ፦ «ስንት ስኳር?»፣ «ይሞቃል፣ ተጠንቀቅ»፣ «ለአያትህ ስጥ»። ሳምንት በሳምንት አንድ አንድ ብቻ ይጨመራል። ቤትዎ ቡና በየዕለቱ የሚፈላበት ከሆነ እድለኛ ነዎት።

ጆሮን ማሠልጠን

አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ለማዳመጥ እንግዳ አይደለም። «አለ» የሚለውን ቃል ላልቶ ሲሰማ የተናገረ ሰው እንዳለ፣ ጠብቆ ሲሰማ አንድ ነገር መኖሩን የሦስት ዓመት ልጅ ሳይሳሳት ይለያል፤ ፊደላችን ግን ይህን ልዩነት አያሳይም። ስለዚህ በጽሑፍ የማይታየውን በጆሮ መለየት አስቀድሞ ያውቅበታል፣ የሚቀረው ወደ አዲሶቹ ድምፆች ማዞር ነው።

በእንግሊዝኛ በግና መርከብ በአማርኛ ስንጽፋቸው ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው፤ በጆሮ ግን የበጉ ድምፅ ረዘም ብሎ ከንፈርን ይስባል፣ የመርከቡ አጭርና የላላ ነው። በሁለት ቁራጭ ወረቀት በግና መርከብ ይሳሉ፣ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡ፣ አንዱን ይጥሩና ልጁ በጣቱ ይጠቁም። አሥር ጊዜ ያህል ከተጫወታችሁ በኋላ እሱ ይጥራ፣ እርስዎ ይጠቁሙ። ልዩነቱን ራስዎ የማይሰሙት ከሆነ አያፍሩ፤ የስልክዎን መዝገበ ቃላት ድምፅ ይጠቀሙ፣ ልጁም ከእርስዎ ፈጥኖ ሊሰማው ይችላል።

«ፐ»ን ለማስተማር አንድ ቁራጭ ሶፍት በልጁ አፍ ፊት ይያዙ። «ጴጥሮስ» ሲል ሶፍቱ አይነቃነቅም፤ እስክሪብቶን በእንግሊዝኛ «ፔን» ሲል ግን ትንፋሹ ሶፍቱን ያርገበግበዋል፣ ካላርገበገበው ገና ነው። ልጆች ይህን ጨዋታ እንዲቆም አይፈልጉም። «እስኩል» የሚለውን ለማረም ደግሞ «እ»ን አታስገባ ብሎ መናገር አይሠራም፤ እንደ እባብ «ስስስስ» ብሎ አስረዝሞ ከዚያ «ኩል» እንዲል ያድርጉት፣ በየቀኑ እባቡን ያሳጥሩት። በፈረንሳይኛ በ«u» የሚጻፈው አስቸጋሪ ድምፅ ምላስን በ«ኢ» ቦታ አቆይቶ ከንፈርን ለ«ኡ» እንደሚደረገው በማሞጥሞጥ ይወጣል። ዐረብኛ የሚማር ልጅ ደግሞ እኛ በአፋችን የተውነውን ያነሣል፤ ሐመሩ ሐ ከሃሌታው ሀ፣ ዓይኑ ዐ ከአልፋው አ የተለየ ድምፅ እንዳለው ሲሰማ፣ በፊደል ገበታው ላይ ለምን ብዙ «ሀ» እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባዋል።

ስለ ፊደልና ስለ መጽሐፍ

የላቲን ፊደል ከመጀመሩ በፊት ልጁ የራሱን ፊደል ቢቆጥር እመርጣለሁ። ሁለቱ በሚሠሩበት መንገድ ይለያያሉ፣ የሚያደናግረውም ይህ ነው፤ በእኛ አንድ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ይይዛል፣ በላቲኑ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ። «በ»ን እና «ቡ»ን ጎን ለጎን ይጻፉና በ«ቡ» ቀኝ ጎን የተቀጠለችውን ትንሽ ጭረት ቀይ ያቅልሙ። «ይቺ ጭረት እንግሊዞች ዘንድ ራሷን ችላ የቆመች ፊደል ናት» ብዬ ስነግራቸው የስድስት ዓመት ልጆች ወዲያው ይገባቸዋል፤ ይህን ካልሰሙ ግን ለወራት የላቲኑን ፊደላት በስማቸው እየጠሩ ቃል መገጣጠም ያቅታቸዋል።

ለመጽሐፍ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ኪሎ አገልግሎት የሚሰጠው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። አዲስ መጽሐፍ በየሳምንቱ አይለዋውጡ። አንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ መርጠው ደጋግመው ያንብቡለት፣ ልጁ ከእርስዎ ቀድሞ የሚቀጥለውን ገጽ እስኪናገር ድረስ። የቆሎ ተማሪ ግእዝን ከየኔታ አፍ እየሰማ በድግግሞሽ እንደሚያጸና ሁሉ፣ የውጭ ቋንቋም ከሕያው ድምፅ ተደጋግሞ ሲመጣ ነው የሚጸናው፤ ልዩነቱ ልጃችን የሚሰማው ነገር በሥዕሉ አማካኝነት ወዲያው እንዲገባው ማድረጋችን ነው።

በመንገድም የሚሠራ አለ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ስንወርድ ለልጆቼ የምሰጣቸው ሥራ ከሌላ አገር የመጡ ቃላትን መልቀም ነው። ፒያሳ በጣሊያንኛ አደባባይ፣ መርካቶ ገበያ ነው፤ ለገሃር በፈረንሳይኛ ከባቡር ጣቢያ ስም የመጣ ነው፤ ያደረጉት ካልሲ፣ ጓንትና የተሸከሙት ቦርሳ ከጣሊያን፣ ሸሚዛቸው ከፈረንሳይ ቃል ነው። ታናሹ ልጄ ለአንድ ወር ያህል የሚያየውን ዕቃ ሁሉ «ይሄስ ከየት መጣ?» እያለ ሲጠይቅ ከረመ፤ አብዛኛውን መመለስ አልቻልኩም፣ አብረን ፈልገናል።

ዝምታውን ይታገሡ

አዲስ ቋንቋ የጀመረ ልጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ እየሰማ ምንም ሳይናገር ሊቆይ ይችላል። ታዝዞ ዕቃ ካመጣ፣ ተጠይቆ ከጠቆመ፣ እየተማረ ነው። ሁለቱን ቋንቋ ሲቀላቅልም መደናገር አይደለም፤ ያለውን ሁሉ እየተጠቀመ ነው። ሲሳሳት «ስህተት ነው» ከማለት ይልቅ እሱ ያለውን ትክክል አድርገው መልሰው ይናገሩትና ጨዋታውን ይቀጥሉ። እባክዎ እንግዳ ሲመጣ «እስኪ ለአክስትህ እንግሊዝኛ ተናገርላት» አይበሉት። ከደግነት የሚመጣ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቋንቋው ለልጁ መግባቢያ መሆኑ ቀርቶ ፈተና የሚሆነው በዚያች ቅጽበት ነው።

ልጁ በአማርኛም ከእኩዮቹ በጣም ዘግይቶ የሚናገር ከሆነ ምክንያቱ ሁለት ቋንቋ መስማቱ አይደለም፤ ጆሮው እንዲመረመር ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

ስለ ቴሌቪዥንና ስልክ አጭር ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። ካሳዩት አጠገቡ ተቀምጠው፣ እያቋረጡና እየጠየቁ ያሳዩት።

አስጠኚ ወይም የቋንቋ ክፍል ለመምረጥ ሲሄዱ ክፍያውን ከመጠየቅዎ በፊት አንድ ትምህርት ቁጭ ብለው ለማየት ይጠይቁ። ሰዓትዎን ይዘው አስተማሪው ስንት ደቂቃ፣ ልጆቹ ስንት ደቂቃ እንደተናገሩ ይቁጠሩ። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው መስመር የሚያገናኙ፣ ቀለም የሚቀቡ ከሆነ የሚከፍሉት ለወረቀቱ ነው። የአስተማሪው አነጋገር እንደ ለንደን ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የልጁን ስም ማወቁ፣ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን እያየ ማናገሩ፣ መልስ እስኪመጣ መጠበቁ ነው።

እድገቱን ለማወቅ ፈተና አያዘጋጁ። በየሦስት ወሩ፣ ቶናው ሲጠጣ፣ ስልክዎን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠው ሁለት ደቂቃ ያህል ድምፁን ይቅዱ፤ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት። ዓመት ሲሞላው አራቱን ቅጂዎች በተከታታይ ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ ስሙ፣ በመጀመሪያው ላይ ምን ለማለት ፈልጎ እንደነበርም እሱ ራሱ ይንገርዎ።